አርባ አራት

ለልብ ተዘፈነ፣ ለሆድ ተተረተ፤
በጉበት ዙሪያማ ስንቱ ቢላ ተሟገተ፤
ሳንባን ግን በበዓል፣ ገና ሳይበርድ ገላው፣
ከአጥር ማዶ ጣሉት፣ ውሻ ተሻምቶ ይብላው።
እኔም ይህን ውዳቂ ላጠና ብዬ መጣሁ፤
በሠላሳ ስድስት ዓመቴ እንደገና ደብተር አወጣሁ።

«ሐኪም ሆነሽ የለም ወይ? ሌላ ምን ቀረሽ?» አለች እናቴ።
«ትንፋሽ» አልኳት። ሳቀች። ለሷ ትንፋሽ የእግዜር ነው፤
ምን አገባው ትምህርት ቤቴ!

ሆስፒታሉ ከቂሊንጦ ማዶ ነው፣ አስፋልቱ ከሚያበቃበት፣
ሲኖትራክ ሌሊት ከቀን አቧራ ከሚያራግፍበት።
ስድስት ፌሎዎች ነን፤ አንድ ብሮንኮስኮፕ ለሁላችን፤
እንደ ቦኖ ውሃ ነው፣ ወረፋ ይዘን በየቀናችን።
መብራት ሲሄድ ደግሞ (በሳምንት ሁለቴ ይሄዳል)
ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ፊኛ እንጨምቃለን፤
የሰው እስትንፋስ በጣታችን መሃል ይመጣል፣ ይሄዳል።

ሌሊት አንዱ ደረት ሲር ሲር ይላል፣ በበር ስንጥቅ እንደሚሾልክ ነፋስ፤
ሌላው ይንኮሻኮሻል፣ ገለባ ላይ እንደሚራመድ እግር፣ ቀስ።
ያንን ለይቶ መስማት ነው ትምህርቱ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣
ዓይን ሲከዳ፣ ጉልበት ሲርድ።

ዶክተር ወሰንየለሽ ራጅ አታሳይም ቶሎ፤
«ፎቶ የሰውን ቃል አይቀድምም» ትላለች፤ «ይቆይ ተንጠልጥሎ።
መዳፍሽን ጀርባው ላይ፣ ጎድንና ጎድን መሃል፤
አርባ አራት በል በይው፤ ቃሉ እጅሽ ላይ ይመጣል።
የጠጠረ ሳንባ እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤
ውሃ የከበበው ግን የነገርሽውን ይውጣል።»

ለምን አርባ አራት? ለምን አርባ ሦስት አይሆንም? ጠይቄ አላውቅም፤
ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የወረደ ቃል ነው፤
ይደገማል እንጂ አይመረመርም።

ማክሰኞ ለታ መጣ፣ ኦቦ ገመዳ፣ ከገላን ድንጋይ ካባ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ዱቄቱን ለብሶ የወጣ፣ ለብሶ የገባ።
ድሮ በባሬላ፣ ጫፉን ይዞ፣ ድንጋይ ያመላልስ ነበር፤
ዛሬ እሱን በቃሬዛ፣ ልጆቹ ጫፍና ጫፍ ይዘው፣
አሳለፉት የእኛን በር።

«ሳል ይዞ ስርቆት... የለም ይላሉ» አለኝ፣ ቃሉ እየተቆረጠ፤
«እኔ ግን ስንት ዓመት... የቀን ሥራ ሰረቅሁ... ካቦው ፊት፣
ሳሌ እየተዋጠ።»

መዳፌን አኖርሁ። «አርባ አራት ይበሉ።»
ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁም ሳል ሆነ ወዲያው።
«ማን ነገረሽ?» አለኝ። «የቀኔን ልክ ማን አወራሽ፣ የባሬላውን ቁጥር?
አርባ አራት አመላልሰን... ካቦው አርባ ይጽፍ ነበር።
አራቱ የት እንደገባ... ደረቴን ፈትሺው፤
እዚህ ሳይሆን አይቀር።»

ራጁ በኋላ ተሰቀለ፤ ዳር እስከ ዳር ነጭ፣ በረዶ የወረደበት ማሳ።
ዶክተር ወሰንየለሽ መነጽሯን አወለቀች፤
እኛም ዝም አልን፣ እስክሪብቷችን ሳይነሳ።
«ይወጣል?» አለ ኦቦ ገመዳ። «እኔ ስንቱን አወጣሁ በመዶሻ፤
እናንተ... ይህን ያህል ተምራችሁ... አታጡም መላ፣ እስከ መጨረሻ።»

ለዚህ የሚሆን ምዕራፍ ፈልጌ አላገኘሁም።
ኦክስጅን አለ፤ ትራስ ከፍ ማድረግ አለ፤ እውነቱን ቀስ ብሎ መንገር አለ፤
ድንጋይ የሚያሟሟ ግን የለም።

ማታ ኮዬ ፈጬ ገባሁ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፤
ደረጃውን ስወጣ ትንፋሼን ቆጠርሁ። እንዴት ብዙ ነው!
በሐምሌ ካባ እለብሳለሁ፤ እናቴ ከወዲሁ ቀሚስ አሰፋች፤
የገመዳ ካባ ግን በውስጥ በኩል ናት፤
አትወልቅም፤ ከሥጋ ጋር ተሰፋች።

መብራት አላበራሁም። ቀለሙ በተላጠው ግድግዳዬ ላይ መዳፌን አሳረፍሁ።
ጠጠሩ ከየት፣ በስንት ባሬላ፣ በማን ጫንቃ እንደመጣ
ገና አሁን ጠየቅሁ።
«አርባ አራት» አልሁት በለሆሳስ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።
ግድግዳው ዝም አለ።
ቆይቶ፣ ከወዲያኛው ቤት፣ በጨለማ፣
አንድ ሰው ሳለ።